በቆርቆሮው ላይ ያለፈው ጎማ

ጋሼን መጀመሪያ ባገኘኋቸው ቀን ተቆጥቻቸዋለሁ። ከሲኤምሲ አልፎ ወደ አያት ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ አዳራሽ ተከራይተን ነበር፤ ቀድሞ ብሎኬት ይመረትበት የነበረ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግቢው ሰፊ። ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድባቸው የብረት ዘንጎች የሚቀበሩበትን ቦታ እኔ ራሴ ንድፉ ላይ ምልክት አድርጌ፣ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ጠዋት ስደርስ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ከምልክቴ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው፣ አጥሩ ጥግ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

"እዚያ ይቆፍሩ ያለዎት ማን ነው?" አልኳቸው። ድምፄ ጥሩ አልነበረም።

ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ውሃው እዚህ ነው ኢንጂነር" አሉኝ።

ያ ግቢ ቤት ሳይሠራበት በፊት የአጎታቸው ማሳ ነበር። በበጋ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ ያቺ ጥግ ብቻ ሳሯ አይጠወልግም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሲያመልጥ የሚገባበት እርጥብ መሬት ይፈልጋል፤ ካላገኘ ሰው ይፈልጋል። በመሣሪያ ለካነው። የእሳቸው ጥግ እኔ ከመረጥኩት ቦታ በእጥፍ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። "እሺ" ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ፤ ቃል ማጣት ደግሞ በእኔ አልተለመደም። እናቴ "ይቺ ልጅ አፏ ከእግሯ ይቀድማል" የምትለው በከንቱ አይደለም።

ጋሼ በኮንትራት የተቀጠሩ ቴክኒሻናችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራንስፎርመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተው፣ ስምንት ወር ቤት ተቀምጠዋል። ስለ እነዚያ ስምንት ወራት አንድ ቀን ምሳ ላይ አጫወቱኝ።

"ግድግዳ አይቼ አይቼ ታመምኩ። ልጆቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና 'አባባ፣ ምንም የለዎትም' አለኝ። 'እሱ እኮ ነው በሽታዬ' አልኩት።"

እሳቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ባለቤታቸው አንድ ቀን ግቢው ድረስ መጥተው እጄን ይዘው አመስግነውኛል፤ "እንቅልፍ ተኙልኝ፣ ምግብ በሉልኝ፣ ሰው ሆኑልኝ" ብለው። ምስጋናው ለእኔ አይገባም ነበር፤ የቀጠርኳቸው እኔ አልነበርኩማ። የጋሼ ኮንትራት ከሥራው ጋር የታሰረ ነበር። ሥራው ከቀጠለ ይቀጥላሉ፤ ከቆመ ወደዚያው ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ።

የምንሠራውን ለሰው ማስረዳት ፈተና ነበር። ሃያ ሁለት ሰፈር፣ እኔ የምኖርበት ሕንፃ ላይ፣ ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ "ኤሌክትሪክ ነገር ነው" ብዬ አልፋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አክስሌሬተር የሚባል ማሽን አለ፤ ኤሌክትሮኖችን እየገፋ በኃይል ይወረውራል። ያ ጨረር መርፌና ጓንት የታሸገበትን ካርቶን ሳይከፈት ከጀርም ያጸዳል። ማሽኑ ታዲያ ኤሌክትሪክ የሚጠጣው እንደ አምፖል ዝም ብሎ አይደለም። ለሰከንድ ሚሊዮንኛ ያህል ጊዜ እጅግ ብዙ ይፈልጋል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ከመንገድ ዳር ምሰሶ ስበህ አታገኘውም። ስለዚህ በጆግ በጆግ በርሜል ሞልቶ አንዴ እንደ መድፋት፣ ቀስ እያልን ካፓሲተሮች ውስጥ እናጠራቅምና በአንድ ጊዜ እንለቀዋለን። የእኔ ሥራ ያንን የማጠራቀሚያና የመልቀቂያ ሥርዓት መንደፍ ነበር፤ ያውም ኤሌክትሪኩ በመንገድ ሙቀት ሆኖ እንዳይባክን አድርጎ። ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ቁርጡን ነግረውናል። ከገባው መቶ እጅ ሰማንያው መጨረሻው ድረስ ከደረሰ አክስሌሬተሩን ራሱን ያሠሩናል። ካልደረሰ አዳራሹ ይዘጋል።

ጋሼ ካፓሲተር አጠገብ ሲቆሙ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው። "ሁለት እጅ ከሰጠሽው በልብሽ በኩል ነው የሚያልፈው" ይላሉ። ማሽኑ ጠፍቶ፣ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኖ፣ ቆጣሪው ዜሮ እያለ እንኳ በረጅሙ ዘንግ ሳይነኩትና በሽቦ ከመሬት ጋር ሳያስሩት ማንንም አያስጠጉም። አንድ ቀን ቸኩዬ "ባዶ ነው እኮ ጋሼ!" ብላቸው በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉኝ። "ይሄ ነገር ሞተ ብለሽ ዞር ስትዪ ይነሳል።" መጽሐፉም እንደዚያው ይላል፤ የተለቀቀ ካፓሲተር ጥቂት ቆይቶ ከራሱ ውስጥ መልሶ ያጠራቅማል። እኔ በፈተና ላይ መልሼው የረሳሁትን እሳቸው አንድ ጓደኛቸውን ቀብረው ነው የተማሩት።

ትራንስፎርመሩን ሲጠመጥሙ ደግሞ የሚቆጥሩት በኦሮምኛ ነው። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ፣ በየዙሩ በሽቦው ድርብ መካከል የሚገባውን ወረቀት ውፍረት በጣታቸው እየዳበሱ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። "ለምን በአማርኛ አይቆጥሩም?" አልኳቸው።

"በአማርኛ ስቆጥር ሰው ያናግረኛል" አሉ። "አሁን ስንተኛው ላይ እንደነበርኩ አጠፋሽብኝ።" አላጠፋሁባቸውም፤ ሊያስደነግጡኝ ነው።

እንዴት እንደማደንቃቸው ነግሬያቸው አላውቅም ነበር። እሳቸው ፊት ስሆን እንደ ተማሪ እሆናለሁ፤ ያ ደግሞ ያናድደኛል፤ ስናደድ ደግሞ እነጫነጫለሁ። እሳቸውም "ኢንተላ" ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው፤ ይህን ሲሉኝ ንዴቴ ይበርዳል።

ከገባው ስንት እጁ ደረሰ የሚለውን የምንለካው በውሃ ነበር። አክስሌሬተሩ ገና ስለሌለ በእሱ ቦታ ኤሌክትሪኩን የሚውጥ ሎድ ሠርተናል፤ የሚደርሰው ኃይል እዚያ ሙቀት ይሆናል፤ በዙሪያው የሚያልፍ ውሃ ያንን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲገባና ሲወጣ ያለውን የሙቀት ልዩነት ካወቅን የደረሰውን ኃይል አወቅን ማለት ነው። ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ስለሚያገኝ ሮቶ ገዝተን በሩ አጠገብ፣ ከጣራው ከፍ ባለ ማማ ላይ አቆምን። ከሮቶው እስከ ሎዱ ድረስ ጥቁር የውሃ ጎማ ዘረጋን። መሬት ላይ ቢሆን መኪና ይሄድበታል ብለን በጣራው፣ በቆርቆሮው ላይ አሳለፍነው። አንዱን ቴርሞሜትር ሮቶው ሥር፣ ሌላውን ከሎዱ መውጫ ላይ ገጠምን። ሐሳቡ የእኔ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በዝናቡ፣ ስንለካ ሰባ አራት ሆነ። ተናደድኩ። መስከረምን ሙሉ ቁጭ ብዬ ከየፐልሱ፣ ማለትም በተለቀቀ ቁጥር፣ የሚተርፈውን መልሶ ወደ ካፓሲተሩ የሚያስገባ ሰርኪዩት ነደፍኩ። ቆንጆ ሥራ ነበር፤ አሁንም ቆንጆ ነው እላለሁ። ጥቅምት ላይ ገጥመን ለካን። ዘጠና አንድ።

ጋሼን አቀፍኳቸው። እሳቸው ፈገግ አሉና "ብዙ ነው" አሉ።

"ይብዛ እንጂ! ማን በዛ ብሎ ያዝናል?"

"ብዙ ነው ነው ያልኩሽ።" ብለው መሣሪያዎቻቸውን ወደ መሰብሰቡ ዞሩ።

በዚያኑ ዕለት ገንዘብ ለሚሰጡን ሰዎች ኢሜይል ጻፍኩ። ዘጠና አንድ ከመቶ ብዬ፣ ቁጥሯን አድምቄ። እነሱም በደስታ መልሰው በሚቀጥለው ሐሙስ መጥተው በዓይናቸው እንደሚያዩ አሳወቁን።

ሰኞ ዕለት መብራት ጠፋ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ እስከ ምሳ አልመጣም፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ሎዱ መውጫ ሄደው ቆዩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ "ኢንተላ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ።

እጄን ይዘው ከሚፈሰው ውሃ ሥር አደረጉት።

"ሞቀሽ?"

"ሞቀኝ።"

"ጎማው ውስጥ ቆሞ የሞቀው እንዳይሆን ብዬ ሩብ ሰዓት ለቅቄዋለሁ። ማሽኑ ከጠፋ ስንት ሰዓቱ ነው?"

"አራት ሰዓት ሊሆነው ነው።"

"ታዲያ ማን አሞቀው?"

ቀና አልኩ። ቆርቆሮው በፀሐይ ያንጸባርቃል፤ ጎማው በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አነበብኩ፤ ስልኬ ላይ አሰላሁ፤ ደግሜ አሰላሁ። ፀሐይ ብቻዋን ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ስትጨምርልን ኖራለች። በዝናብ ሰባ አራት፣ በፀሐይ ዘጠና አንድ። እኔ ሞኟ መስከረምን ሙሉ የለፋሁበት ሰርኪዩት ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አውርቻለሁ።

መጀመሪያ የተቆጣሁት ማንን ይመስላችኋል? እሳቸውን።

"ለማን ነገሩ?"

"ላንቺ።"

"ሌላ ሰውስ?"

"ለማንም።"

ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሐሙስ እንግዶቹ የሚመጡት በሰባት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ናት። ማሽኑን በፊታቸው እናስነሳለን፤ ቴርሞሜትሮቹን ራሳቸው ያነባሉ፤ ዘጠና አንድን ራሳቸው ያገኛሉ። እኔ አንዲት ቃል መዋሸት የለብኝም። ጎማውን ካለበት አለማንሳት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ እንዳፈርኩ ብናገር ደስ ባለኝ ነበር፤ አላፈርኩም። ተስፋ ነው ያደረግኩት።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ይህ ሥራ ቢዘጋ መጀመሪያ ወደ ቤት የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ይህን ያውቃሉ አይደል? ምን አለ ዝም ቢሉ?"

እጃቸውን በሱሪያቸው አደረቁ። "አውቄ ነው የጠራሁሽ" አሉ። ቀጥለውም እንደ ልማዳቸው ረጋ ብለው፣ "በዘጠና አንድ ብለሽ ትልቁን ትሠሪያለሽ። ማቀዝቀዣውንም ለዘጠኝ እጅ ሙቀት ብቻ ትገጥሚለታለሽ። የሚመጣው ሙቀት ግን ሃያ ምናምን ነው። ያኔ ማሽኑ ከነሰዉ ሲቃጠል ፀሐይን ትከሺያለሽ? የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልጄ" አሉኝ።

ጎማውን ቀና ብዬ አየሁት።

"ጎማውን ግን እኔ አላነሳውም" አሉ። "የሥራው ኃላፊ አንቺ ነሽ። አንሱ ስትዪኝ አነሳለሁ።" ከዚያ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። እኔ አልበላሁም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ቆሜ፣ ሰው እየገፋኝ፣ እሳቸው እንዲሳሳቱ እየለመንኩ ነበር። ሃያ ሁለት ወርጄ አንድ ካፌ ገባሁ፤ ማኪያቶ አዝዤ ሳልጠጣው ሶፍት ላይ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ። ስህተት ፈለግኩ፤ አንድም አልተገኘም። ቅን ሰው ስለሆንኩ ወሰንኩ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። የወሰንኩት በማግስቱ ጠዋት ወደዚያ ግቢ ገብቼ ጋሼን "እንዴት አደሩ?" ማለት እንዳለብኝ ሳስብ ነው። ጎማው ጣራው ላይ እያለ ያንን ማለት የሚችል አፍ አልነበረኝም።

ማክሰኞ ጠዋት "ጋሼ፣ ያንሱት" አልኳቸው።

መሰላሉን ከጎረቤት ተውሰው፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይጠብቁኝ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው እሳቸው ወጡ፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ጎማውን አውርደው በጥላው በኩል፣ በግድግዳው ሥር አሳለፉት፤ ሮቶው ሥር የነበረውንም ቴርሞሜትር ሎዱ መግቢያ ላይ አመጡት። ለካን። ሰባ ስድስት። የእኔ ቆንጆ ሰርኪዩት ያተረፈልን ሁለት እጅ ብቻ ነበር።

የቀረችን ጊዜ ሁለት ቀን ነች። ጋሼ ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩና ከካፓሲተሮቹ ወደ ስዊቹ የሚሄዱት ሽቦዎቼ ላይ ቆሙ። "መንገዱ ረዝሟል" አሉ። ሽቦዎቹን አስፈትተው በቦታቸው ሰፊ የመዳብ ዝርግ ቆረጡ፤ መሄጃውንና መመለሻውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቀጭን መከላከያ ለይተው አንዱን ባንዱ ላይ አስተኙት፤ ከአንድ ሜትር ወደ ስንዝር አሳጠሩት። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ቀመር እኔ አውቃለሁ፤ የት ጋ እንደሚጎዳን ግን ያዩት እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ማምሻውን ሰባ ስምንት ደረስን። ደክሞን እርስ በርሳችን ተያየን። ሁለት ቀረን።

ሐሙስ ሦስት ሰዎች አትላስ ካለው ቢሯቸው መኪና ይዘው መጡ። ሰብሳቢው ዝምተኛ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ነበሩ። የላክሁትን ኢሜይል አትመው ይዘውታል።

"እዚህ ዘጠና አንድ ይላል" አሉ።

"ስህተት ነው" አልኩ። ወደ ግቢው አውጥቼ ጎማው የነበረበትን ቆርቆሮ አሳየኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰባ ስምንት ነው አልኳቸው። "ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ ስህተቱም የእኔ ነው። ያገኙት እሳቸው ናቸው" ብዬ ንጹሕ ጋዋን ለብሰው በሩ ላይ ወደቆሙት ጋሼ አመለከትኩ።

ሰብሳቢው ጋሼን አዩአቸው። "የእርስዎ ኮንትራት ከዚህ ሥራ ጋር ነው አይደል?"

"አዎ ጌታዬ።"

ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ማሽኑን አስነሥተን ለካን፤ ሰባ ስምንት ሆነ፤ አመስግነው ሄዱ።

ውሳኔው በሁለት ሳምንቱ ደረሰን። ሰማንያ ስላልደረስን አዳራሹ ይዘጋል። ነገር ግን ስህተቷን በገዛ አፏ የተናገረች መሐንዲስ ቁጥሯ ይታመናል ብለው ንድፉን በወረቀት ለአንድ ዓመት እንድቀጥል ፈቀዱልኝ፤ ቦሌ ቢሮም ተሰጠኝ። ለወረቀት ሥራ ቴክኒሻን አያስፈልግም።

ደሜ ፈላ። ቢሯቸው ሄጄ ጮኽኩ፤ እውነት ለመናገር መጮህ አይከብደኝም። "ቁጥሬን ያመናችሁት በእሳቸው እጅ ነው እኮ!" አልኳቸው። በአማካሪነት ይያዙልኝ ብዬ ለመንኩ። ለአማካሪ ዲግሪ ያስፈልጋል አሉኝ፤ ቅጹ እንደዚያ ይላል። ቅጹን አንብቤ ጨርሼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩትና ወጣሁ። ምንም አልተለወጠም።

ጋሼ ክሊራንስ ለማስጨረስ የመጡት አርብ ዕለት ነበር። ወረቀቷን ይዘው ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ አስተዳደር ሲዞሩ ውለዋል። የመጨረሻው ፊርማ የቅርብ አለቃ ነው፤ ያም እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጡ። እስክሪብቶውን ያዝኩና መፈረም አቃተኝ።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት እጅዎን ባይታጠቡ ኖሮ..."

"ሳልታጠብ ምሳ ልብላ?" አሉና ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ። በሕይወቴ እንደ እርስዎ ያለ ሠራተኛ አላየሁም አልኳቸው፤ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ማለት የነበረብኝን ሁሉ አልኳቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። በመጨረሻ "ይቆጭዎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከሥራ ወጣሁ እንጂ ከሰው ተራ አልወጣሁም" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቤት መዋሉን ግን እፈራዋለሁ። አልዋሽሽም፣ እፈራዋለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወረቀቷን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት። "በይ ፈርሚ፣ ባቡሩ ሳይሞላ ልሂድ።"

ፈረምኩ። ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ሥራው ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።